ዳሽቦርዴን አረንጓዴ ያደረግሁ ጊዜ

ሰውን የሚያስረጀው ዕድሜ አይደለም… ቀይ መብራት ነው! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሞተር የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ነፋስ ፊቱን እየዳበሰው ደስ ብሎት ሲሄድ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ ነገር ብልጭ ስትል አንጀቱ ድብን ይላል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የምቃጠል ሰው አይደለሁም። ካቻቢቴ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የያዝኩት፤ ጎንደር ውስጥ ፈትቼ ያልገጠምኩት ነገር ቢኖር ግንቡ ብቻ ነው። እሱም ስለማይፈቀድ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ዳሽቦርዱን በታተንኩት። ሰማያዊዋን አወጣሁ፣ ቢጫዋን አወጣሁ፣ ቀይዋን ከነላስቲኳ ፈልቅቄ ጣልኳት፤ በሁሉም ቦታ አረንጓዴ አምፖል ተከልኩ። ፍሬቻው አረንጓዴ፣ ረጅም መብራቱ አረንጓዴ፣ ቤንዚን ሊያልቅ ሲል የምትበራዋም አረንጓዴ። ሲበራ… የመስከረም መስክ በሉት!

ባለቤቴ አየችና፣ «ሸጋ ነው። ግን የትኛው ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምን ማወቅ ያስፈልጋል? ሁሉም ደህና ነው እኮ!»

በሳምንቱ ለታናሽ ወንድሜ ሽምግልና ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። የልጅቱ አባት አያ ፈንቴ ሁለት ጊዜ «እንመካከርበት» ብለው መልሰውናል። ይቺ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ናት፤ «ከቀትር በፊት ካልደረሳችሁ ትታችሁታል እላለሁ» ብለዋል። ወንድሜ ከእህልም ከእንቅልፍም ከተጣላ ሰንብቷል። ከኋላዬ ያፈናጠጥኩት የሽማግሌዎቹን አፍ፣ አያ ደሴን ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ከዘራ፣ የሰው ነገር ሲፈቱ የሸበቱ።

ዳገቱን እንደጨረስን አንዲት አዲስ አረንጓዴ ቦግ አለች። አያ ደሴ በትከሻዬ አሻግረው አዩ።

«አንተ፣ ይቺ አሁን የበራችው ምንድን ናት?»

«ሰላም ናት፣ አያ።»

«ምነው ቅድም አልነበረች?»

«ሰላሙ ጨምሮ ነው።»

ሰላሙ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ… ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ። ፍጹም ሰላም! «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ሲባል እሰማለሁ፤ በሬው እኔ መሆኔን ግን ማን ነገረኝ?

የቤንዚኑን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን ወዘወዝኩት። የወጣው ሽታ ብቻ ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ የሚያልፉን ሚኒባሶች እንኳን ሁለት ሰው መርፌም አያስገቡ። አያ ደሴ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ግፋ!»

ገፋሁ። ወደው ከተደፉ ቢረግጡ አይከፉ!

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ስትል ደጃቸው ደረስን። እኔ ላብ በላብ፣ ምላሴ ደረቴ ላይ። አያ ፈንቴ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አይፈታም።

«ምነው፣ ሞተር እያላችሁ በእግራችሁ?»

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አያ ደሴ በከዘራቸው እግሬን ወጋ አደረጉኝና ረጋ ብለው ጀመሩ።

«አያ ፈንቴ፣ አባቶቻችን ትልቅ ሰው ደጅ በቅሎ ላይ እንደተቀመጡ አይደርሱም ነበር። ከሩቅ ወርደው፣ በቅሏቸውን ስበው ነው የሚመጡ። እኛም ወረድን።»

«ከየት ጀምራችሁ?»

«ከድልድዩ።»

«ከዚያ ቤቴ ይታያል እንዴ?»

«ቤትዎስ አይታይም። ክብርዎ ይታያል።»

አያ ፈንቴ፣ «በዚህ ዘመን… ለእኔ ደጅ የሚወርድ ሰው አለ!» ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። ገና ሳንቀመጥ ልጅቱ ተሰጠች።

ወንድሜ አገባ፣ ወፈረም። እኔም በወገራ የታወቅሁ ጨዋ ሰው ሆንኩ። ችግሩ፣ ዘመድ ከሆኑ በኋላ ክርስትናው አለ፣ ዝክሩ አለ፣ ለቅሶው አለ። ባለፈው ለክርስትና ስንሄድ ቤንዚኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ወረድኩና መግፋት ጀመርኩ። ባለቤቴ ድፎዋን ተሸክማ ከኋላዬ ትከተላለች።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?» አለችኝ።

«አያ ፈንቴ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነዋ። ዕድሜያቸውን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው!»

«ኧረ እባክህ» አለች ድፎዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዞረች፣ «ምርቃቱን እንኳ ቀነስ አድርገው!»