ድንጋዩን «ጓድ» ያልኩት እኔ ነኝ

«ዘመኑ ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ጎረቤቱን ያሳሰረውም፣ ባልንጀራውን ያስባረረውም ዛሬ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን እያማሰለ «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» ይላል። ዘመን አፍ የለው፣ አይመልስ! እናንተም ብላችሁት ታውቁ ይሆናል። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ስለው ኖሬ ሰለቸኝ።

በደርግ ጊዜ ኮሌጅ ሳለሁ የቴአትር ቡድን ነበረን። ደራሲያችን ጽጌ የአፍንጮ በር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ብዕሯ ግን ምላጭ። ከመጻፍ ሌላ ምኞት አልነበራትም። አንዴ ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ጻፈች። ያኔ ስኳር ለመግዛት መቆም የታከተው ሰው በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ተራ ይጠብቃል። መሪ ተዋናይዋ እኔ ነበርኩ።

የምናሳይበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ጭብጨባው ጣመኝና፣ ከፊቴ ላለው ድንጋይ እጅ ነስቼ፣ «እንደምን ዋሉ ጓድ! እርስዎማ ፍንክች አላሉም!» አልኩት። ድርሰቱ ውስጥ የለም። ከራሴ ያመጣሁት ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ካድሬዎች ብቻ አልሳቁም።

በማግስቱ ለሂስና ግለሂስ ተጠራን፤ በየተራ እየተነሡ ጓደኛንም ራስንም መውቀስ ማለት ነው።

«ድንጋይን ጓድ ማለት ከየት መጣ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«እኔ የተሰጠኝን ነው ያጠናሁት።»

ይህን ያለው ዘመኑ አይደለም። የኔ አፍ ነው!

የድርሰቱ ቅጂ ጽጌ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አውጥታ ብታሳይ አለቀልኝ። ቦርሳዋን ነካች፤ አየችኝ፤ ተወችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

ከቡድኑ አባረሯት፤ ሁለተኛ ለመድረክ እንዳትጽፍም ከለከሏት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

«ጽጌዬ፣ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ቀልዱ እኮ ግሩም ነበር፤ ምነው እውነት የኔ በሆነ!» አለችና ጥላኝ ሄደች።

ለምን ተመልሼ እንዳልተናገርኩ አትጠይቁኝ። ተመልሼማ ነበር፤ ግን አፌን ከመክፈቴ ሰብሳቢው እጄን ጨብጦ የጽጌን ቦታ ሰጠኝ። ተቀበልኩ።

የሚቀጥለውን ቴአትር እኔ ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ «በስለሻል» አለኝ።