የወረቀቱ ጀርባ

በየቤቱ አንድ ከልካይ አይጠፋም። ምግብ አያበስልም፣ ሰሃን አያጥብም፤ አፍ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

የዚህኛው ቤት ከልካይ ያለ ፊርማ አንዲት ሚስማር የማያስወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሚስቱ በልቧ «ክቡር ከልካይ» ትለዋለች። ስታገባው ይሄው ቆራጥነቱ ነበር የማረካት። ሰው በገዛ ዓይኑ ይሸወዳል።

የስድስት ዓመት ልጃቸው ሆዷን እየነፋት ሲቆርጣት ዓመት ሞላት። ሐኪሟ ወተት፣ ስንዴና እንቁላል ለጊዜው እንዲቆሙ አዝዛ አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። ክቡርነታቸው ወረቀቱን ከመጋዘን በመጣ ሙጫ ፍሪጁ በር ላይ ግጥም አድርገው ለጠፉት።

«እስከ ዕለተ ምጽአት አይነቀልም!» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ ሆድ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ልጅቷ ፊቷን ባጨማደደች ቁጥር እስክሪብቶውን መዞ ወረቀቱ ላይ ይጨምራል። ባቄላ፣ «ታግዷል!» ቲማቲም፣ «ታግዷል!» አንድ ቀን ብርቱካን ስትበላ ከሳቅ ብዛት ስቅ ቢላት እሱም ታገደ።

«ኧረ ምን ትብላ ልጄ?» ትላለች ሚስቱ።

«ሆዷን አመማት?»

«አላመማትም፣ ግን...»

«አለቀ! የሚሠራ ነገር አይነካም።»

እሷም ዝም አለች። ዛሬ ከሁሉ የሚቆጫት ያ ዝምታ ነው። ትምህርት ቤት ኬክ ሲታደል ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ «እኔ ታግጃለሁ» ማለቷን ከአስተማሪዋ ስትሰማ እንኳ፣ ቤት ገብታ አልቅሳ ዝም አለች።

በስምንተኛው ወር ቀሚሱ ከልጅቷ ወገብ ላይ መንሸራተት ሲጀምር፣ ባልየው «ደህና ናት» እያለ ቀጠሮውን ቢያሳልፈውም እናት አባትና ልጅን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ልጅቷን መዝና ወደ ወላጆቿ ዞረች።

«ምግቦቹን መመለስ የጀመራችሁት መቼ ነው?»

«መመለስ?» አለ አባት።

«ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ቤት እንደገቡ አባት ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰ በቢላ ፍቆ አላቀቀው። ጀርባው ቢቦጫጨቅም ይነበባል፦ «ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ በአንድ ይመለሱ። ሳይመለሱ ብዙ አይቆዩ።» ቆሞ አነበበውና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄን አስራብኳት» አለ።

ሚስቱ ስምንት ወር ያጠራቀመችው ቃል ነበራት። ሁሉንም ትታ ቢላውን ከእጁ ወሰደችው።

ሐኪሟ በነገረቻቸው መሠረት በማግስቱ ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቀሉ። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «ያመኛል።»

አባት ቀድሞ ገመጠው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ሲያላምጥ ሚስቱ ተገረመች።

«እንቁላል ብርቅ ሆነብህ? መሥሪያ ቤት ትበላ የለም እንዴ?»

«እሷ ያልበላችውን?»

ያኔ ቀበቶውን አየችው። በሚስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት። ስምንት ወር ሙሉ አጠገቧ ሲከሳ አላየችውም፤ ከልካዩን ስትጠላ ሰውየው አምልጧት ነበር።

ልጅቷ መዳፏን አባቷ ሆድ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«አመመህ?»

«አላመመኝም የኔ እናት።»

ከተረፈው ላይ ጫፉን ነከሰች። አላመጠች፣ ዋጠች።

«ነገም ይፈቀዳል?»

ክቡር ከልካይ «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግን ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። «ይፈቀዳል የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ።