ሐሴት መብላት የጀመረች ሰሞን

በልጅ አመጋገብ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የታክሲ ረዳቱ፣ የሰፈሩ ጥበቃ፣ የራሱን ምሳ በሻይ የሚያልፍ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሳይቀር ልጅ እንዴት እንደሚበላ አሳምረው ያውቃሉ። የማያውቁት ወላጆች ብቻ ናቸው። እኔም ከማያውቁት ወገን ነኝ።

ልጃችን ሐሴት አራት ዓመቷ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምግብ የሚባል ነገር ጠላቷ ነበር። እኔና ባለቤቴ ትዕግሥት ሲ.ኤም.ሲ ባለው ኪራይ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ማንኪያ ይዘን ስናሳድዳት ኖረናል። ዘምረንላታል፣ ለምነናታል፣ አስፈራርተናታል፣ ጸልየንላታል። እሷ ግን አንዲት ጉርሻ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ከቁርስ እስከ ምሳ መቆየት ትችል ነበር። ይህን ሁሉ መከራችንን ደግሞ ሆሳዕና ላሉት አማቴ በስልክ አንድ በአንድ ስንነግራቸው ከረምን፤ «እማማ፣ ልጅቷ አልበላ አለች» እያልን። ሞኝነታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አማቴ ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሰውን ገና ከበር ሲገባ አይተው ስንት ሜትር እንደሚበቃው የሚያውቁ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ነገር እንቅልፍ ቢነሳቸው ሱቁን ለሠራተኛ ትተው መጡ። ታዲያ የእኛን ዕድል ተመልከቱ፤ ልክ እሳቸው ሊመጡ ሰሞን የሐሴት የምግብ ፍላጎት ተከፈተ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ሐኪሙም ልጅ ሲያድግ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ከማሰናበት በቀር የጨመረልን ነገር የለም። ያቺ ጉንጯ ውስጥ ምግብ የምታሳድር ልጅ፣ ሳህኗን ጨርሳ ወደ እኔ ሳህን የምትሻገር ሆነች። እኛማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

አማቴ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ የፍርፍር ሳህኗን ጠራርጋ «ጨምሩልኝ» ስትል አዩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አልበላ አለች እየተባለ ሲለቀስላት የከረመች ልጅ ዓይናቸው እያየ እንዲህ ስትበላ ምን ይበሉ? ልጅቷ መብላት አልጠላችም፣ የሚሰጣት ነው ያጣችው። ይህንን ግን በአፋቸው አላሉትም። ክንዷን በስንዝር ለኩት። ትዕግሥት ጨንቋት፣ መብላት የጀመረችው ከሰሞኑ ነው እኮ ብላ ልታስረዳ ብትሞክር «አዎ፣ እኔ ልመጣ ስል» አሉ።

ስማችንን ለማደስ እሑድ ከቸርች መልስ እንጦጦ ፓርክ ልንወስዳቸው ተነሣን። ሐሴት ምሳዋን እስክትጠግብ በልታ ነበር፤ እስክትጠግብ ስል እኛ እንደመሰለን ማለቴ ነው። እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል። መቼም የሚበላ ሰው አጠገብ ስታልፍ «እንብላ» ይልሃል፤ አንተም «ይብሉ፣ ይባረክ» ብለህ ታልፋለህ። ጋባዡ እንደማትቀመጥ ያውቃል፤ አንተም እንደሚያውቅ ታውቃለህ፤ አገር የቆመው በዚህ መተማመን ነው። ይህን ለሐሴት የነገራት ግን የለም። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች «እንብላ» ሲሉን እኛ «ይብሉ» ብለን ስናልፍ፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ደግ ነበረች፤ ማካሮኒ አቀረበችላት። አበላሏን አይታ ግን አዘነችና ዛሬ ምን እንደበላች ጠየቀቻት። ልጄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ምንም።» እኔ ነገሩን በሳቅ ላሳልፈው ሞከርኩ። ሴትዮዋ ከጫማዬ እስከ ራሴ አየችኝና ለሐሴት ሳንቡሳ ጨመረችላት። ሁለተኛው ምንጣፍ ጋ ስንደርስማ ልጅቷ «እንብላ» እስክትባልም አልጠበቀች።

ስንመለስ አማቴ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሐሴትን ይዘዋት ሊሄዱ መወሰናቸውን ነገሩን። እሳቸው ጋ ትደግ፤ እዚያ ወተቱም ቅቤውም ሞልቷል። አስቡበት እንኳ አላሉንም። አማትን እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ ቤት አልተለመደም። ትዕግሥት ማድቤት ገብታ አለቀሰች። እኔም ቀልዴ ሁሉ ጠፋብኝ፤ የምሬን ነው፣ ፈራሁ። ከሥራ ስገባ እግሬ ላይ የሚጠመጠም ልጅ የሌለበት ቤት ታየኝ፤ ሳሎኑ ጸጥ ብሎ።

በመሄጃው ቀን ጠዋት አማቴ ሐሴትን አለባብሰው፣ አብራቸው እንደምትሄድ ጠየቋት። «አዎ» አለች፣ ትንሽ እንኳ ሳታመነታ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሮጣ የእናቷን ቦርሳና የእኔን ጃኬት እየጎተተች መጣች። እኛ እንደማንሄድ ሲነገራት ቦርሳውን ጥላ መሬት ላይ ዘፍ አለች፤ አያቷንም ቀና ብላ አየቻቸውና «እንግዲያው አንቺም አትሄጂም» ብላ ፈረደች። አማቴ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ከዚያም ሱቃቸው ደውለው ትንሽ እንደሚቆዩ ተናገሩ። ትንሽ ያሉት ይኸው ክረምቱን አልፏል።

የሐሴት የምግብ ፍላጎትም እንደ አመጣጡ ሳይሰናበተን ሄደ። አሁን ማንኪያ ይዘው ሳሎን ለሳሎን የሚሮጡት አማቴ ናቸው። ቢጨንቃቸው ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደውለው፣ ልጅቷ አልበላ አለች ብለው አማከሯት። እናቴ ብዙም አልጠየቀቻቸው። ስልኩ እንደተዘጋ ለእኔ ደወለችና ቅዳሜ እንደምትመጣ፣ ልጅቷንም ወስዳ ራሷ እንደምታሳድጋት አስታወቀችኝ።

ይህን ለአማቴ ስነግራቸው፣ ማንኪያው በእጃቸው እንዳለ ክው አሉ። «እናትና አባቷ ቁጭ ብለው?» አሉኝ፤ «እንዲህ ያለ ነገር በምን አገር ነው የሚደረገው?»