የዘሃራ ምልክት ሲዞር

የጨፋን ገበሬ «ከብትህ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ አትጠይቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ወተት አላጣንም» ይላችኋል እንጂ ቁጥሩ ከአፉ አይወጣም። የተቆጠረ ከብት ዓይን ይበላዋል ብለው ነው ያሳደጉን። ዕድሜውን ብትጠይቁት ደግሞ «ከአሊ እበልጣለሁ፣ ከይማም አንሳለሁ» ብሎ በሁለት ጎረቤቶቹ መሀል ቁጭ ይላል። መንገዱ ይርቃል ወይ ካላችሁት «ከባቲ ይቀርባል» ነው መልሱ። ባቲስ ምን ያህል ይርቃል? ይህን የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው።

እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ባረጅም ይህ ጠባይ አልያዘኝም። እቆጥራለሁ። ከሚሴ ገበያ ዳር ባዶ ጆንያ በመሸጥ ጀምሬ የእህል መጋዘን ባለቤት የሆንኩት በመቁጠር ነው። ሠርግ ቤት ሄጄ ሰዉ የሙሽራዋን ውበት ሲያወራ እኔ የድስቱን ብዛት ይዤ እመለሳለሁ። በዚህ የተነሳ ከተማው «ቆጣሪው» የሚል ስም አውጥቶልኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር በመጋዘኔ በር ሲያልፉ «ቆጣሪው ደህና ነው?» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። ደህና ነው።

የወንድሜ የሰይድ ልጅ ዘሃራ በዲፕሎማ ተመርቃ ዞን መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሐሳቧ ግን ደሴ ካለ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብታ ዲግሪዋን መያዝ ነው። የመግቢያ ፈተናውን አምና ተፈትና ወደቀች። ዘንድሮ ልትደግመው ስትዘጋጅ ጎረቤታችን ሀጂ ኡመር ለልጃቸው ለጀማል ሽማግሌ ላኩ። ጀማል ክፉ ልጅ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ሥራ ይዟል። ዲግሪም አለው። እንዳለው የማያውቅ ሰው ከሚሴ ውስጥ ካለ ጥፋቱ የሀጂ አይደለም፤ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ «አካም ጅርቱ» ካሉ በኋላ ዲግሪው ይከተላል።

ሁለቱ አባቶች ተነጋግረው ተስማሙ። ዘሃራ ካለፈች ትምህርቷን እስክትጨርስ ሠርጉ ይቆያል፤ ካላለፈች ማሽላው እንደተነሳ ትዳራለች፣ ትምህርቱም በዚያው ይቀራል። ሀጂ ቅንጣት አልተጠራጠሩም። «ዘንድሮም እንደ አምናው ነው፣ ኢንሻአላህ» አሉና የሠርጉን በሬ ማድለብ ጀመሩ። በሰው ልጅ ውድቀት ላይ ኢንሻአላህ ሲባል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ዘሃራ ጀማልን አልጠላችውም። የጠላችው የማሽላውን ጥድፊያ ነበር።

ቤታቸው ጫጫታ ስለሚበዛበት የምታጠናው እኔ መጋዘን፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ ነው። አንድ ቀን «ለመሆኑ አምና የጣለሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኢንኢኳሊቲ የሚባለው ነዋ፣ አጎቴ። የመብለጥና የማነስ ሒሳብ።»

አንዱን ሠርታ አሳየችኝ።

«እና ይህ ኤክስ የምትይው ስንት ሆነ?»

«ከነጌቲቭ ሦስት ይበልጣል።»

«ስንት ነው አልኩሽ እኮ!»

«መልሱ ይኸው ነው። ከነጌቲቭ ሦስት የበለጠ ሁሉ ትክክል ነው።»

ደሜ ፈላ። «መጋዘን ጠባቂዬን ስንት ጆንያ ቀረ ስለው ‹ከሦስት ይበልጣል› ቢለኝ በዚያው ቀን ነው የማሰናብተው! ይህንን ነው ትምህርት ብለው የሚፈትኗችሁ?»

ሳቀች። «የጨፋ ገበሬ ቢፈተን ግን አንደኛ ይወጣ ነበር» አለችኝ።

ችግሯ መብለጥና ማነሱ አልነበረም። በነጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ ወይም ሲካፈል ምልክቱ መዞር አለበት፤ የሚበልጠው የሚያንስ፣ የሚያንሰው የሚበልጥ ይሆናል። ሕጉን እንደ ፋቲሃ ትወጣዋለች። ፈተና ላይ ስትቀመጥ ግን ሳታዞረው ታልፋለች።

«ለምን እንደሚዞር አልገባኝማ» አለች። «ያልገባኝን ነገር እጄ እምቢ ይለኛል።»

«መምህሩን አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹ሕግ ነው› አለን።»

ሕግ ነው ተብለን ስንቱን ረስተናል!

ክረምቱ ገፍቶ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ስቆጥር፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ አንድ አይሱዙ ቀድሞ እየበረረ መጣ። የሚኒባሱ ረዳት እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ የኋለኛውን ሾፌር «እዚያው ቅር አንተ! ለኮምቦልቻ ሰላም እልልሃለሁ!» ይለዋል። እኔ እንደ ልማዴ የተጫነውን ሰው ቆጠርኩ፤ ከልክ በላይ ነው። ወደ መውጫው ግን ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ኖሮ ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱም በቆሙበት ዞረው ተመለሱ። አሁን አይሱዙው ፊት፣ ሚኒባሱ ኋላ ነው። የአይሱዙው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አካም ጅርታ ፊተኛው! ለሸዋ ሰላም ልበልልህ?» እያለ አለፈ። ረዳቱ መስኮቱን ዘጋ።

ጆንያው ላይ ወጥታ ስታይ የነበረችው ዘሃራ ዘላ ወረደች። «አጎቴ፣ ዞረ!»

«መንገዱ ተቆርጦ ነዋ።»

«ምልክቱን ነው የምልህ! ማንም ማንንም አልቀደመም እኮ። ሁለቱም ፊታቸውን ስላዞሩ ብቻ ፊተኛው ኋለኛ ሆነ። ነጌቲቭ ማለት መዞር ነው! ወላሂ ከእንግዲህ አልረሳውም።»

እኔም ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መኪና ነበር የማየው። እኔ ያገኘሁት የተሳፋሪ ብዛት ነው።

ፈተናው ሲቃረብ እናቷ ወደጃ ጠራች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ጫቱ ተቆነጠረ፣ ዱዓው ተጀመረ። ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ከሁሉ በላይ ያድርግሽ!» ሲሉ ቤቱ በአሚን ተናወጠ። ዘሃራ አጠገቤ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወይም እኩል» አለች፤ ፈተናው እንደዚያም አለው መሰለኝ። ሀጂ ኡመርም ጉርብትና አይቀርምና መጥተው ነበር። የእሳቸውን አሚን ለይቼ አዳመጥኩት። ከሌላው ሰው አሚን ያንሳል።

ዘሃራ ደሴ ሄዳ ተፈተነች። ውጤቱ የታወቀ ቀን ከዚያው ደወለች። ሰይድ «አለፍኩ» የሚለውን ሰምቶ ማልቀስ ስለጀመረ ስልኩን ተቀበልኩት።

«ስንት አመጣሽ?»

«ከማለፊያው በላይ።»

«በስንት በላይ?»

«አጎቴ!» አለችና ዘጋችው።

በሳምንቱ ሀጂ ኡመር ወንድሜ ቤት መጡ። ድሮ እስክንነሳላቸው በር ላይ የሚጠብቁት ሰው ገና ከአጥሩ ውጭ ጀምረው «አሰላሙ ዓለይኩም» እያሉ፣ የሰውን ሁሉ ጤና እየጠየቁ ገቡ። ዲግሪውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። እሳቸው አላነሱ፣ እኛም አልበለጥን፤ መንገዱ ነው የዞረው።

ከወዲያ ከወዲህ ተጨዋወቱና ወደ ዘሃራ ዞሩ። «እና ልጄ፣ ይህ ትምህርት የስንት ዓመት ነው?»

«ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ሀጂ።»

«ማሻአላህ። ቢበዛስ?»

«ቢበዛ የሚል የለውም። ላዩ ክፍት ነው።»

ሰይድ ሳል ያዘው። ሀጂ በበሩ ወደ ግቢያቸው አሻግረው አዩ። በሬው ትዝ ብሏቸው ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ቢደልብ በበሩ አይወጣም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው እንደ መማጸን አሉ፦

«አንተ እንኳ ቁርጡን ንገረኝ እንጂ። ቆጣሪው አይደለህ? ስንት ነው?»

ሰው ቁጥር እንዲጠይቀኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዘሃራን አየኋት። ታየኛለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሀጂ» አልኳቸው፣ «ወተት አላጣንም።»