ሁለተኛ ታማሚ ይፈለጋል

ልጆቼ፣ ሰፈራችን ቦሌ ሚካኤል በሥነ ምግባር ረገድ ያስመዘገበችውን ታላቅ ድል ሳልነግራችሁ ብቀር ሕሊናዬ አያስተኛኝም። ሌላው ሰፈር አስፋልት አስነጠፈ፣ የመንገድ መብራት አስተከለ። የእኛ ሰፈር ግን ሕሊና ነው የገነባው። ሕሊና አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ጥቅሙ ማንም መጥቶ አያፈርሰውም።

ነገሩ የተጀመረው በአቶ ገሰሰ ሳንባ ነው። አቶ ገሰሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ፍራሽ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ የጥጥ ብናኝ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ቤተኛ ተደላድሎ ተቀመጠ። ከአልጋ እስከ በር ሲሄዱ መሐል ላይ ወንበር እስኪያስፈልጋቸው ደረሱ። ሐኪሙም መርምሮ፣ «መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ነገር ግን ቤትዎ ውስጥ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን የግድ ነው። ያለሱ ልብዎም ይደክማል» አላቸው።

ይህን የሰማው ካሊድ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴው፣ ነገር ማስረዘም የማይወድ ሰው ነው። ማሽኑን ከውጭ አስመጣና በካርቶኑ ለዕድራችን አስረከበ። «አሁን ጋሽ ገሰሰ ይተንፍሱበት፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ለሚቸግረው ሰው ይሁን» አለ።

እንግዲህ ሥነ ምግባር ያልገባው ሰፈር ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አቶ ገሰሰ ቤት ወስዶ ሶኬት ላይ ይሰካው ነበር። እኛ ግን የተማረ ልጅ አለን።

ሃይለኣብ ይባላል፤ የጎረቤታችን የወይዘሮ ለተብርሃን ልጅ ነው። እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ኮሌጅ ሥነ ምግባር ያስተምራል። መልካም ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሳይስመኝ አያልፍም። በዚያ ሰሞን አውሮፓ ውስጥ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የባዮኤቲክስ ፌሎሺፕ ወጥቶ ሊያመለክት ይጣደፍ ነበር። መስፈርቱ ላይ «በማኅበረሰብ ደረጃ ውስን የሕክምና ሀብትን በፍትሐዊነት የማከፋፈል ልምድ» ይላል። ሃይለኣብ ልምዱ አልነበረውም። እኛ ደግሞ ማሽን ነበረን። ፈጣሪ ሲያገናኝ እንዲህ ነው።

ወዲያው ዕድሩ የባዮኤቲክስ ጊዜያዊ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋመ። እኔም ሽማግሌ ነኝና ወንበር ተሰጠኝ። ባዮኤቲክስ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቅ ሃይለኣብ፣ «በሕይወትና በሕክምና ጉዳይ ትክክሉን ከስሕተቱ የምንለይበት የጥናት ዘርፍ ነው» አለን። ደስ አለን። እስከዚያ ድረስ በዘልማድ ነበር የምንለየው።

የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ዓለምሰገድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን ከፈቱ። «ይህ ማሽን፣ ማሽን ብቻ አይደለም። ይህ ማሽን ኃላፊነት ነው። ኃላፊነት ደግሞ እንደ ሻይ ማፍያ በዋዛ ሶኬት ላይ አይሰካም!»

ተጨበጨበ። ካሊድ እጁን አወጣ።

«ሃይለኣብ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ለጋሽ ገሰሰ ብዬ ነው ያመጣሁት። የምን ስብሰባ ነው?»

«ካሊድ፣ አንተ ለጋሽ ነህ። የጥቅም ግጭት አለብህ።»

«የምን ጥቅም?»

«እሳቸው እንዲተነፍሱ ትፈልጋለህ።»

«በደንብ እንጂ!»

«ይኸው፣ በራስህ አንደበት አመንክ» አለ ሃይለኣብ፤ ካሊድም በአክብሮት ከአዳራሹ ተሸኘ። ቀጥሎ የአቶ ገሰሰ ሚስት የሺአረግ፣ ሚስት በመሆኗ ወጣች። የጉዳዩ ባለቤት ራሳቸው ይጠየቁ የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰምቶ ነበር፤ ግን አቶ ገሰሰ «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍል» ስለሆኑ ከስብሰባ ጭንቀት ሊጠበቁ ይገባል ተባለ። እንዲህ ሆኖ አቶ ገሰሰን የሚወድ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ስለ አቶ ገሰሰ ገለልተኛ ውይይት ተጀመረ።

ውይይቱ ግሩም ነበር። ስለ ታማሚው በራሱ የመወሰን መብት፣ ስለ አለመጉዳት፣ ስለ ፍትሕ ተነሣ። በየስብሰባው ለስላሳና ቆሎ ይቀርባል። ማሽኑ በዕድሩ መጋዘን ከድንኳኑና ከትልልቆቹ ድስቶች መሐል በካርቶኑ ተቀምጧል። አቶ ገሰሰም ቤታቸው ትራስ ላይ ትራስ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን ሃይለኣብ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ከባድ ችግር ገጥሞናል።»

«ምነው፣ ማሽኑ ተበላሸ?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ ደንግጠው።

«ታማሚው አንድ ብቻ ነው።»

«ተመስገን ነዋ!»

«እንዴት ተመስገን ይባላል ጋሼ? ፍትሐዊ ክፍፍል የሚኖረው ቢያንስ ሁለት ተፎካካሪ ሲኖር ነው። አንድ ማሽን ለአንድ በሽተኛ መስጠት ባዮኤቲክስ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«መስጠት። ዝም ብሎ መስጠት።»

ኮሚቴው አቀረቀረ። ለካ ዝም ብለን ልንሰጥ ምንም አልቀረንም ነበር!

በማግስቱ በሰፈሩ ቴሌግራምና በየምሰሶው ማስታወቂያ ወጣ። «ሁለተኛ ታማሚ ይፈለጋል። የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ/ች፣ በቂ የትንፋሽ እጥረት ያለው/ያላት፣ በቡድን ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ/ች። ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።» የሚያሳዝነው፣ አንድም ሰው አልመጣም። ሰፈሩ በጤናው አሳፈረን። አቶ ዓለምሰገድ ራሳቸው በየቤቱ እየዞሩ፣ «ደህና ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁና «ደህና ነን» ሲሏቸው አዝነው ሲመለሱ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ዘርአይ ቤት ገቡ። ዘርአይ በርና መስኮት የሚበይድ፣ የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ የሚሄድ ጎረምሳ ነው።

«ዘርአይ፣ ትንፋሽ አያጥርህም?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ።»

«ስትሮጥም?»

«ምን ያህል ብሮጥ?»

«አንተ የፈለግኸውን ያህል።»

«ያው... በጣም ብዙ ከሮጥኩማ ያጥረኛል።»

«በቃ፣ ተመዝግበሃል። ለሰፈሩ ክብር ነው።»

ምስኪኑ ዘርአይ ነገሩ ቶሎ አልቆ አቶ ገሰሰ ማሽናቸውን እንዲያገኙ ብሎ እሺ አለ። ውድድሩ ተካሄደ። ሕመም ለአቶ ገሰሰ ነጥብ አስገኘ። ወጣትነት ደግሞ፣ ወደፊት ብዙ ዓመት ይተነፍሳል ተብሎ፣ ለዘርአይ ነጥብ አስገኘ። እኩል ወጡ። እኩል ሲወጡ በዕጣ ይለያሉ አለ ሃይለኣብ። አቶ ዓለምሰገድ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዕጣውን አወጡ።

ዘርአይ!

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘርአይ ግን ላብ አጠመቀው። «ኧረ በሚካኤል! እኔ ምን ላደርግበት ነው? ለጋሽ ገሰሰ ስጡልኝ!»

«ማስተላለፍ ክልክል ነው» አለ ሃይለኣብ በርኅራኄ። «ዛሬ ማሽን ያስተላለፈ ነገ ኩላሊት ያስተላልፋል።»

ማሽኑ በዚያው ቀን ዘርአይ ቤት ገባ። የሺአረግም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዘርአይ ደጅ መጣች። «ማሽኑን ማስተላለፍ ክልክል ነው አሉ?»

«አዎ፣ እትዬ የሺ። እኔ እኮ...»

«በሽተኛ ማስተላለፍስ?»

ዘርአይ አሰበ። ያንን ማንም አልከለከለም። ሄዶ አቶ ገሰሰን ከነብርድ ልብሳቸው አቅፎ አመጣና የራሱ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ማሽኑ ተሰካ፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ተደረገ። ሰውዬው ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም ብለው ተኙ። ውለው አድረው ከንፈራቸው ወዙ ተመለሰ፤ ገመዱ እስከሚደርስበት ወደ በሩ እየተራመዱ የዘርአይን ብየዳ እስከ መተቸት ደረሱ።

ሃይለኣብ ለክትትል ሲመጣ ዘርአይ መዶሻ ይዞ ግቢ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣል። አቶ ገሰሰ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ አልጋ ላይ ናቸው። ሃይለኣብ አይቶ ረክቶ ሪፖርቱን ጻፈ፦ «ተጠቃሚው ሙሉ በሙሉ አገግሞ ወደ ከባድ የጉልበት ሥራ ተመልሷል።» አቶ ገሰሰን በጠያቂነት መዘገባቸው። ተኝቶ የሚጠይቅ ጠያቂ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዘመኑ ግን የእውቀት ነውና ዝም አልኩ።

እንዲህ ያለ ውጤት ማን ሰምቶ ያውቃል? ፌሎሺፑ መጣ። ከፌሎሺፑ ጋር፣ ሃይለኣብ በትልቅ ጉባኤ ላይ ጥናቱን እንዲያቀርብ ግብዣ መጣ። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ምግብ ቤት የሽኝት ግብዣ ተደረገ፤ ኬክ ላይ የሳንባ ሥዕል ተሥሎ ተቆረሰ። እኔ ከቀኝ ሳንባው ደረሰኝ። አቶ ዓለምሰገድ ተነሥተው የኮሚቴውን የመጨረሻ ውሳኔ አሰሙ፦ ማሽኑ ሕያው ማስረጃ ሆኖ ከተመራማሪው ጋር ወደ አውሮፓ ይሄዳል።

እኔም ሽማግሌነቴን ተማምኜ፣ «ልጄ፣ ዘርአይ ያለ ማሽን እንዴት ይሆናል?» አልኩት።

«ዘርአይማ ድኗል፣ አባባ። ሪፖርቱ ላይ አለ።»

«ገሰሰስ?»

«እሳቸው ጠያቂ ናቸው።»

ምን ትላላችሁ? ክር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም።

የሺአረግ ይህን ስትሰማ ቀጥታ የሄደችው ሃይለኣብ እናት ዘንድ ነው። እኔም ተከትያት ሄድኩ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ለተብርሃን፣ ልጅሽ የባሌን ትንፋሽ በካርቶን አሽጎ ሊሄድ ነው።»

«ዋይ! ሃይለኣብ ወደይ፣ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይደለም እኮ፣ የሺዬ።»

«ክፉማ ቢሆን በምን ዕድሌ! ክፉን ሰው ተሳድበሽ ይወጣልሻል። ይኼ ደግ ነው። ቀን ከሌት የሚያስበው ስለ ሰው ልጅ ነው። ስለ ገሰሰ እንዲያስብልኝ ምን ላድርገው?»

ለተብርሃን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች።

«እኔም እኮ ተቸግሬ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ምን ሆነሽ?»

«ለልጄ ሽሮና በርበሬ የምልክበት ጠንካራ ካርቶን አጥቼ።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘርአይ ጨረሰው። የማሽኑን ካርቶን ሞላ፣ ክብደቱን በእጁ እየመዘነ አስተካከለ፣ በፕላስተር ጠፈረው። ላዩ ላይ «ተሰባሪ ነው፤ እንዳትገለብጡ» የሚል ተጻፈበት። ሃይለኣብ ኤርፖርት ድረስ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄደ። «እናቴ፣ በርበሬ አልቋጠርሽልኝም እንዴ?» ብሎ ቅር ሲሰኝ፣ «ይደርስሃል፣ ወደይ» አለችው ጉንጩን ስማ።

ጉባኤው በተደረገ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ዘርአይ ቤት ነበርን። ስልክ ተደወለ፤ ለተብርሃን ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«እማ! ጥናቴን አቅርቤ ስጨርስ ማሽኑን ክፈተው አሉኝ። ስከፍተው በርበሬ!»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሊቃውንት ማስነጠስ ጀመሩ። ከዚያ የአገራችሁ የሳንባ መድኃኒት ነው ብለው አጨበጨቡ። እኔ ግን ላቤ በጀርባዬ ወረደ! ማሽኑ የት ነው?»

«ጋሽ ገሰሰ አፍንጫ ላይ።»

«ማን ወስኖ?»

አቶ ገሰሰ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለተብርሃን ስልኩን አቀበለቻቸው። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ላይ አንድም ቀን ቃላቸው ተጠይቆ አያውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎ መጥፎ ተመኝቼ አይደለም። ግን ኮሚቴው ሳይሰበሰብ፣ ሳይወስን...»

«ገባኝ፣ ገባኝ። እኔም ሕግ ማፍረስ አልወድም» አሉ አቶ ገሰሰ ረጋ ብለው፤ አሁን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሐል ላይ ማረፍ አያስፈልጋቸውም። «እንግዲህ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ልጠብቅህ?»

ከዚያ ማዶ ድምፅ ጠፋ። የሺአረግ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «አፈረ መሰለኝ፣ ልጁ» አለች በሹክሹክታ። ለተብርሃንም ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ራራሁለት። ምን ይደረግ፣ ልጃችን ነው።

አላፈረም። ጥያቄውን እየጻፈው ነበር። ለመጪው ዓመት ጉባኤ በጥናት ርዕስነት ተቀብለውለታል።