ወንዝ ዳር ያለችው ቀይ

(ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዘአማኑኤል ሉላን ለማግባት ጠይቋል። አባቷ አቶ ቢቂላ፣ ድሮ እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ፣ ቤቱን ሊያዩ መጥተዋል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፦ ወንዝ ዳር፣ ሣር ላይ፣ ራቁቷን ያለች ሴት።)

ቢቂላ፦ ተኝታለች እልሃለሁ!

ዘአማኑኤል፦ ኧረ ተቀምጣ ነው አባባ። ገና ከወንዙ መውጣቷ ነው።

ቢቂላ፦ እዚሁ ሜዳ ላይ ስንቷን ሳይ ኖሬ የተኛችና የተቀመጠች ልታስተምረኝ ነው?

ዘአማኑኤል፦ (ደንግጦ) ስንቷን? አባባ፣ ይሄ እኮ ኪነ ጥበብ ነው። ሰዓሊው ፈረንሳዊ ነው፤ ኢምፕሬሽኒስት ከሚባሉት ሰዓሊዎች አንዱ ነው። የሳላት በስተርጅናው ነው። ዋናው ነገር እሷ አይደለችም፤ ብርሃኑ ነው።

ቢቂላ፦ ብርሃኑ ማን ነው?

ዘአማኑኤል፦ የፀሐይ ብርሃን ማለቴ ነው።

ቢቂላ፦ የፀሐይ ልጅ ነው? እሱ ነው የሚጠብቃት?

ዘአማኑኤል፦ ጠባቂ የላትም። ነፃ ናት።

ቢቂላ፦ የሰው ማሳ ብትገባስ?

ዘአማኑኤል፦ ማሳ?

ቢቂላ፦ ሣሩስ ጥሩ ነው። ስንት ትታለባለች?

ዘአማኑኤል፦ (የአቶ ቢቂላ መነጽር የኮታቸው ኪስ ውስጥ እንደሆነ ያኔ ያያል።) አራት ሊትር።

ቢቂላ፦ በቀን?

ዘአማኑኤል፦ ጠዋት። ማታ ትንሽ ትቀንሳለች።

ቢቂላ፦ ቀንዷ አይታየኝም።

ዘአማኑኤል፦ ዝርያዋ ነው። የፈረንሳይ ቀንድ የለውም።

ቢቂላ፦ ጅራቷስ?

ዘአማኑኤል፦ ተኝታበታለች።

ቢቂላ፦ ይኸው! ተኝታለች አላልኩህም?

ዘአማኑኤል፦ ልክ ነዎት አባባ። ተሳስቼ ነው።

ቢቂላ፦ ጆሮዋ ላይ ያለው ሎቲ ነው?

ዘአማኑኤል፦ የክትባት ምልክት ነው።

(አቶ ቢቂላ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ።)

ቢቂላ፦ ልጄ፣ ሴት መሆኗን ገና በሩ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ዘአማኑኤል፦ መነጽርዎን አላደረጉም እኮ!

ቢቂላ፦ እሱ ለማንበቢያ ነው።

ዘአማኑኤል፦ ታዲያ ለምን ስንት ትታለባለች አሉኝ?

ቢቂላ፦ ልጄን የሚወስድ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚል ልስማ ብዬ። ሰማሁ።

ዘአማኑኤል፦ ሉላን ከለከሉኝ ማለት ነው?

ቢቂላ፦ የሉላ ነገር ያለው በእኔ እጅ አይደለም፤ በእናቷ በአደሴ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ወደኋላ ቀርታ እንጂ ደረጃውን እየወጣች ነው።

(በሩ ይንኳኳል። ዘአማኑኤል የሶፋውን ልብስ ገፎ ወደ ሥዕሉ ይሮጣል።)

ቢቂላ፦ ተወው፣ አትሸፍን። ሴት ናት በላት።

ዘአማኑኤል፦ አይቆጡም?

ቢቂላ፦ ትቆጣለች። ላም ናት እንዳትላት ብቻ። አደሴ ላም ታውቃለች።