የጥቁሯ መኪና ሞራ

አዝግም፦ ሸረሪት ከሆነ እኮ በመጥረጊያ እናወርደዋለን፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ሸረሪት አላልኩም። የሸረሪት ድር ነው ያልኩት። በሙያው ቋንቋ እንደዚያ ይባላል።

አዝግም፦ ድሩ ካለ ሸረሪቷም አንድ ቦታ አለች ማለት ነው። ሞተሩ ውስጥ ልያት?

ሊቁ፦ ስማኝ። ጭረት ነው። ከፀጉር የቀጠነ ጭረት። ፀሐይ ሲያርፍበት እየተጠማዘዘ የሸረሪት ድር ይመስላል።

አዝግም፦ ታዲያ ጭረት በለዋ። ጭረት ሲሉት ይገባኛል። የኔ ጭንቅላት እንደሆነ ከሁለተኛ ማርሽ አልፎ አያውቅም።

[ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ግቢ፣ በአባታቸው ጥቁር መኪና ፊት ቆመዋል። ታላቁ አናጢ ነው። ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ የሰፈሩ ሰው «ሊቁ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ምስጋና ተቀብሎ ይኖራል። ታናሹ ዳቦ ጋጋሪ ነው። አንድ ነገር እስኪገባው ሊጥ ኩፍ ብሎ ይወርዳል ተብሎ «አዝግም» የሚል ስም ወጣለት። አባታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት መኪናቸውን የሚያውቋት በመዳሰስ ብቻ ነበር። ትናንት የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ፤ ዛሬ ማሰሪያው ይፈታል። ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቻቸው በዚህችው መኪና ሄደው ሊያመጧቸው ቀጠሮ ይዘዋል። ሊቁ ከሸራ ሽፋኗ ሥር ወደ ፀሐይ ሲያወጣት ነው ጉዱን ያየው።]

ሊቁ፦ እዚህ ቁም። ራስህን ወዲህና ወዲያ አድርግ። ጭረቱ የሠራው ክብ ይከተልሃል።

አዝግም፦ (እየተወዛወዘ) ተከተለኝ። ቤትም ይገባል?

ሊቁ፦ አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋን ያጠበው ማን ነው?

አዝግም፦ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ አበቃ። ምርመራው ተጠናቋል።

አዝግም፦ አንተ እንዳሳየኸኝ ነው ያጠብኳት። «ክብ ክብ እያደረግክ እሻት፣ ጠረጴዛ የሚያበራው እንደዚያ ነው» ብለኸኛል።

ሊቁ፦ ክብ ያልኩህ ለስለስ ያለውን ክብ ነው። በምን ነበር የምታሻት?

አዝግም፦ በስፖንጅ።

ሊቁ፦ በንጹሕ ስፖንጅ?

አዝግም፦ መጀመሪያ ጎማዎቹን አጥብበታለሁ። ከዚያ በዚያው ውሃ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ሊቁ፦ የጎማውን አሸዋ ይዘህ ወጥተህ የአባባን መኪና ሞረድካት በለኛ።

አዝግም፦ «ከሥር ያልተጀመረ ሥራ አያምርም፤ ውሃም ቆጥብ» አልከኝ። የፈቀድክልኝ አንድ ባልዲ ነው።

[ሊቁ እንደዚያ ማለቱን ያስታውሳል። እንዲያውም ያን ቀን በአነጋገሩ ኮርቶ ለሚስቱ ሳይቀር እንደደገመላት ያስታውሳል። ጉሮሮውን ጠረገ።]

ሊቁ፦ ያለፈውን ትተን መፍትሔ እንፈልግ። ሂድና የጥርስ ሳሙና አምጣ።

አዝግም፦ አባባ የታከሙት ጥርሳቸውን አይደለም እኮ።

ሊቁ፦ ለመኪናዋ ነው። ሳሙናው ውስጥ ከዱቄት የደቀቀ ሻካራ ነገር አለ። ጭረቱን ልጎ ያስተካክለዋል።

አዝግም፦ ከየትኛው ዱቄት? ከአንደኛ ደረጃው?

ሊቁ፦ አምጣ አልኩህ።

[አዝግም ገብቶ ከሳሙናው ጋር ሁለት ብሩሽ ይዞ ወጣ። ሊቁ ብሩሾቹን መልሶ አስገባቸው። ሳሙናውን ኮፈኑ ላይ ጨምቀው በጨርቅ ማሸት ያዙ።]

አዝግም፦ ክብ ክብ?

ሊቁ፦ ክብ የምትባል ነገር ሁለተኛ እንዳላይ። ቀጥ ቀጥ።

አዝግም፦ ሽታዋ ደስ ይላል። አባባ ባያዩዋት ያሸቷታል።

[ሳሙናው ደረቀ። በየመገጣጠሚያውና በአርማው ዙሪያ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ቢጠርጉት አልወጣም። ኮፈኑ ግድግዳ ሲለሰን የተረጨበት መስሏል።]

አዝግም፦ ቅድም ጭረት ብቻ ነበረባት።

ሊቁ፦ ይህ የሽግግር ጊዜ ነው።

አዝግም፦ ስንት ይፈጃል? አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሊቁ፦ እንግዲያው የጫማ ቀለም አምጣ። ጥቁሩን።

አዝግም፦ ጫማህን አሁን ነው የምታሳምረው?

ሊቁ፦ ለመኪናዋ።

አዝግም፦ ቅድም ጥርሷን፣ አሁን እግሯን። ቀጥሎ ፀጉሯን ልናበጥርላት ነው?

ሊቁ፦ አንተ ነገሩ የሚገባህ በምሳሌ ነው። ጭረት ማለት ጉድጓድ ማለት ነው። መንገድ ላይ ጉድጓድ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?

አዝግም፦ እዘለዋለሁ።

ሊቁ፦ ትሞላዋለህ። ይህንንም በጥቁር ትሞላዋለህ።

[የመኪናዋን በር ቀቡት። ለጥቂት ጊዜ በእርግጥ አማረ፤ ጭረቱ አይታይም ነበር። ሊቁ የልቡ ደርሶለት እጆቹን አጣጥፎ በሩን ተደገፈና ስለ ብርሃን ባሕርይ ማስረዳት ጀመረ። ንግግሩን ሲጨርስ ከበሩ ራቅ አለ።]

አዝግም፦ ጋሼ፣ ቀለሙ ተነሥቷል።

ሊቁ፦ ተነሥቶ የት ሄደ?

አዝግም፦ ሱሪህ ላይ።

ሊቁ፦ (ዞሮ ለማየት እየሞከረ) ብዙ ነው?

አዝግም፦ ያምራል። አንድ ጭረት የለውም።

[ልባም ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ሊቁ ግን የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ ብርጭቆ ወረቀት አወጣ።]

አዝግም፦ ይሄ ሣንቃ የምታለሰልስበት አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ ካለኝ ሁሉ ደቃቁ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ቀስ አድርጌ።

አዝግም፦ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ብትሞክረውስ? እኔ አዲስ ሊጥ ስሞክር አንድ ዳቦ ብቻ ነው የምጋግረው።

ሊቁ፦ መኪና ዳቦ አይደለም።

[ሁለት ጊዜ አሻት። እጁን ሲያነሣ ከኮፈኑ መሐል መዳፍ የሚያክል ቦታ ብርሃኑ ጠፍቶ አመድ መስሏል።]

አዝግም፦ ጭረቶቹ ጠፉ።

ሊቁ፦ (ድምፁ እየቀጠነ) አላልኩህም?

አዝግም፦ መኪናዋም አብራ ጠፋች።

[ሊቁ የቤቱ ደረጃ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። የብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ተመልሶ አወጣውና ወረወረው።]

ሊቁ፦ እውነቱን ልንገርህ? ስለ መኪና ቀለም የማውቀው ነገር ጥቁር መሆኑን ብቻ ነው።

አዝግም፦ እሱም ቢሆን እዚህ ጋ ግራጫ ነው።

ሊቁ፦ አባባ ሁለት ዓመት ሙሉ «መኪናዬ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «መስታወት ናት» እላቸው ነበር። አንድ ቀን ወጥቼ እንኳ ሳላያት። እንግዲህ ዛሬ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን ውሸት ነው።

አዝግም፦ ጥላ ውስጥ ብናቆማትስ? ፀሐይ ከሌለ ክቡም የለም።

ሊቁ፦ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለሕፃናት ተውላቸው። (አገጩን እያሻሸ) እኔ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ወደ ጥላው ብናስገባትስ?

አዝግም፦ ከየት አመጣኸው፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ ልምድ ነው።

[የግቢው በር ተከፈተ። አባት የዓይን ጠብታቸውን በፌስታል ይዘው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ብቻቸውን ገቡ። ሊቁ ዘሎ ተነሥቶ ኮፈኑ ላይ፣ በትክክል ግራጫው ላይ ተቀመጠ።]

አባት፦ ቀድመው ፈቱልኝ። «ልጆችዎን ይጠብቁ» ቢሉኝ እምቢ ብዬ መንገዱን እያየሁ መጣሁ። የማላውቃቸውን ሦስት ሰዎች ሰላም አልኳቸው፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ ስለታየኝ ብቻ። (መነጽራቸውን አውልቀው) አንተ ትልቁ፣ ሸብተሃል እኮ።

ሊቁ፦ ጥቂት ነው፣ አባባ።

አባት፦ ምን ጥቂት አለው። ወንድሜ መስለኸኛል። እስቲ ከመኪናዬ ላይ ውረድ።

ሊቁ፦ እግሬን አሞኝ ነው።

[አባት ትተውት ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩ። እንደ ልማዳቸው ሊዳስሷት የዘረጉትን እጅ መልሰው፣ በዓይናቸው ብቻ አዩዋት። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።]

አባት፦ ክብ ነገር ይታየኛል።

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ክብ?

አባት፦ ፀሐይዋ ባረፈችበት ዙሪያ ክብ ክብ። ድሮም ሞራው ሳለ መብራት ሁሉ ክብ ነበረው። ሐኪሙ «ሲገፈፍ ይጠፋል» ብሎኝ ነበር። አልጠፋም።

[ሊቁ ወንድሙን አየው። እንዲህ ያለ መውጫ ከሰማይ ሲወርድ አይቶ አያውቅም።]

ሊቁ፦ እሱማ ያለ ነው፣ አባባ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ክብ ክብ ያያል።

አባት፦ ለምን ያህል ጊዜ?

ሊቁ፦ (መኪናዋን ለማስተካከል የሚፈጀውን እያሰላ) ለሁለት ወር። ሦስትም ሊሆን ይችላል።

አባት፦ ሐኪሙ እንደዚያ አላለኝም።

ሊቁ፦ ሐኪም ሁሉን ነገር አይናገርም።

አባት፦ (ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው) እንግዲያው አልተሳካም። ለሚቀጥለው ወር ለግራው ቀጥረውኝ ነበር፤ ደውላችሁ ሰርዙልኝ። ቀኙን ያላዳነ ሰው ግራዬን አይነካትም። የቀረኝን ብርሃን ይዤ ልቀመጥ።

[ሊቁ ለመኪና ብሎ የጀመረው ውሸት ዓይን ሊያስከፍል ነው። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የለመደበት ነገር ነበር።]

ሊቁ፦ የግራው እኮ ሌላ ነው፣ አባባ። የግራ ዓይን ክብ አያይም። ቀጥ ቀጥ ነው የሚያየው።

አባት፦ ማን ነገረህ?

ሊቁ፦ ይታወቃል።

አዝግም፦ አባባ፣ እስቲ እኔን ይዩኝ። ፊቴ ላይ ክብ አለ?

አባት፦ የለም። ጆሮህ ሥር ዱቄት አለ።

አዝግም፦ ግድግዳው ላይስ?

አባት፦ የለም።

አዝግም፦ መስኮቱንም ይዩት። ፀሐይ አርፎበታል።

አባት፦ ፀሐይዋን አያታለሁ። ክብ የለም።

አዝግም፦ መኪናዋ ላይ ብቻ?

አባት፦ መኪናዋ ላይ ብቻ።

አዝግም፦ እንግዲያው የታመመችው መኪናዋ ናት።

[ሊቁ ከኮፈኑ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።]

ሊቁ፦ ዋሽቻለሁ፣ አባባ። ዓይንዎ ደህና ነው። ክቡ ከፀጉር የቀጠነ ጭረት ነው። ያመጣው የሱ አስተጣጠብ ነው... አይደለም፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሳሙናውም የኔ ነው። ይሄ ግራጫም የኔ ነው። ቀሪው ሱሪዬ ላይ አለ።

[ዞሮ አሳያቸው። አባት መጀመሪያ ሱሪውን፣ ከዚያ ኮፈኑን፣ ከዚያ እንደገና ሱሪውን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊቁ የሚያለቅሱ መስሎት ሊደግፋቸው ሲጠጋ፣ እየሳቁ ነበር።]

አባት፦ ምን ያህል ይቀጥናል አልክ?

ሊቁ፦ ከፀጉር ይቀጥናል።

አባት፦ ከፀጉር የቀጠነ ጭረት አየሁ በለኛ። (ጎንበስ ብለው ወደ ጭረቱ ተጠጉ) ያውና፣ አንዱ። ያውና ሌላው። ትናንት መኪናዋ ራሷ የት እንደቆመች አላይም ነበር እኮ። የግራውን ቀጠሮ እንዳትነኩብኝ።

ሊቁ፦ እሺ፣ አባባ።

አባት፦ መንገዱ ማዕዘን ላይ አንድ የመኪና ቀለም ባለሙያ አለ። ስመጣ የበሩን ጽሑፍ ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለቴ አነበብኩት። ወስደን እናሳየው።

[ሊቁ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ለማንም ሰጥቶት አያውቅም፤ አዝግም መዳፍ ላይ አስቀመጠው።]

ሊቁ፦ እናንተ በመኪናዋ ቅደሙ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ። መንገድ ላይ የማላውቃቸውን ነገሮች እየቆጠርኩ።

አዝግም፦ ቅርብ እኮ ነው፣ ጋሼ። አትጨርሳቸውም።